አሮጌ የናፍጣ ፎር ዊል መኪና ከመግዛታችሁ በፊት፦ ሞተሩን እንዴት መርምሮ ዋጋውን እንዴት መተመን እንደሚቻል

የመጀመሪያ የናፍጣ ፎር ዊል መኪናዬን ልገዛ የሄድኩ ቀን ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀኝ። «እንዳትጉላላ ብዬ አሙቄ ቆየሁህ» አለኝ፤ እኔም አመስግኜ ኮፈኑን ከፈትኩ። ድምፁ ልስልስ ያለ ነው፤ ጭስ የለም፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይታዘዛል። ከፍዬ ወሰድኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁልፉን ብጠመዝዝ ብጠመዝዝ ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ ሞተሩ አልነሳ አለ። በስንት መከራ ሲነሳ ግቢውን በነጭ ጭስ ሸፈነው። ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል) ሲወርድ በሁለት ቫልቮላዎች መካከል ተሰንጥቆ ተገኘ። ስንጥቁ አዲስ አልነበረም፤ ጠርዙ ጠቁሮ ጥላሸት ይዟል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ባየው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይናገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለወዳጆቼም ብዙ መኪና አይቻለሁ። የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ብዙ ሰው አሮጌ ናፍጣ ሲገዛ የሚገዛው የሞተሩን ስም መሆኑን ነው። ስም ግን የሚናገረው ፋብሪካው የሠራውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደፈላ፣ ዘይቱ በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ ስሙ ውስጥ አልተጻፈም። የናፍጣ ሞተርን በአብዛኛው የሚገድሉት ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፦ ከልክ ያለፈ ሙቀትና የዘይት ቸልታ። ከዚህ በታች የማስቀምጠው መንገድ የእነዚህን ሁለት ነገሮች አሻራ ፈልጎ ማግኘትና ወደ ገንዘብ መቀየር ነው።

አንደኛ፦ ከቤት ሳትወጡ ሞተሩን እወቁ

ማስታወቂያው ላይ ያለው የመኪናው ስም አይበቃም። በአንድ ዓይነት አካል ውስጥ የተለያዩ ሞተሮች ይገባሉ፤ ባለ 80 ተከታታይ ላንድክሩዘር ብቻ እንኳ ቱርቦ የሌለውን 1ኤችዜድ፣ ባለ ቱርቦውን 1ኤችዲ-ቲ እና የቤንዚን ሞተርም ይዞ ተሠርቷል። ስለዚህ የሞተሩን ኮድ ጠይቁ። ኮዱን ካወቃችሁ የት እንደሚታመም ታውቃላችሁ።

አሮጌ ናፍጣዎችን በሦስት ወገን ከፍዬ ነው የማያቸው።

የመጀመሪያው ወገን ቱርቦም ኮምፒውተርም የሌላቸው ናቸው። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1990 የወጣው የቶዮታው 1ኤችዜድና የኒሳን ፓትሮሉ ቲዲ42 ዋነኞቹ ናቸው። ሁለቱም 4.2 ሊትር፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች ያሏቸው፣ ናፍጣው በቅድሚያ በትንሽ ክፍል ውስጥ የሚቀጣጠልባቸው ናቸው። ጉልበታቸው ብዙ አይደለም፤ 1ኤችዜድ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ነው። ግን ሳይቻኮል ስለሚሠራ ዕድሜው ረጅም ነው። በመካከላቸው ያለው ትልቁ ልዩነት ታይሚንጉ (ቫልቮላዎቹን በጊዜያቸው የሚያስከፍተው) ነው። 1ኤችዜድ በቺንጋ ሲሠራ ቲዲ42 በጥርስ ይሠራል፣ ስለዚህ የሚበጠስ ነገር የለውም። 1ኤችዜድ ላይ ሌላ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ፤ ባለቤቱ ጉልበት ፈልጎ በኋላ ቱርቦ አስገጥሞለት ከሆነ። ይህ ሞተር ለቱርቦ አልተሠራም። ናፍጣው ከልክ በላይ ተከፍቶለት ዳገት ከተገፋ ቴስታታው ቅድመ ማቀጣጠያ ክፍሎቹ አካባቢ ይሰነጠቃል። «ቱርቦ ተገጥሞለታል» የሚለው ቃል ብዙ ሻጭ ዋጋ የሚጨምርበት ነው፤ እኔ ዋጋ የምቀንስበት ነው።

ሁለተኛው ወገን ባለ ቱርቦ ሆነው ኤሌክትሮኒክሱ ወይ የሌለባቸው ወይ ጥቂት የሆነባቸው ናቸው። 1ኤችዲ-ቲ ከ1990 እስከ 1995 በባለ 80 ተከታታይ ላይ የተገጠመ፣ በእኔ ግምት ከተሠሩት ሁሉ ምርጥ ከሚባሉት የሚመደብ ሞተር ነው። የታወቀ አንድ ድክመት አለው፦ የቢየላ (የፒስቶን ክንድ) ብሮንዚኖቹ፣ ማለትም ክንዱ የሚሽከረከርባቸው ስስ ቅርፊቶች፣ ቶሎ ይበላሉ። ብሮንዚን በጊዜው መቀየር ከታች የዘይት መያዣውን ፈትቶ የሚሠራ፣ ወጪው የሚቻል ሥራ ነው። ሳይቀየር ከተነዳ ግን ኮሎውን (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ይበላና ሞተሩን ያወርዳል። ስለዚህ ይህን ሞተር የያዘ ሻጭ «ብሮንዚኑ መቼ ተቀየረ?» ሲባል ሰነድ ካወጣ ሰውየው ሞተሩን የሚያውቅ ሰው ነው። የቶዮታ ፕራዶና የሰርፉ 1ኬዜድ 3.0 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት አካል) ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ አንዴ ከፈላ የመሰንጠቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። የሚትሱቢሺው 4ዲ56ም እንደዚያው አሉሚኒየም ቴስታታ አለው፤ በተጨማሪ ሁለት ቺንጋ ነው ያለው። ትንሹ፣ የማመጣጠኛ ዘንጎቹን የሚያዞረው፣ ሲበጠስ ቁራጩ ዋናው ላይ ገብቶ እሱንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ትልቁን ቀይሮ ትንሹን የተወ ሰው ሥራውን ሠራ አይባልም። ወንድሙ 4ኤም40 በሰንሰለት ስለሚሠራ ከዚህ ጣጣ ያመለጠ ነው። የላንድሮቨሩ 300 ቲዲአይ ቀላልና የትም የሚጠገን ሞተር ነው፤ ቺንጋውን ግን አትርሱለት።

ሦስተኛው ወገን ናፍጣውን ኮምፒውተር የሚያዝዛቸው ናቸው። የቶዮታው 1ኬዲ ኃይልም ቁጠባም አለው፤ የኢንጄክተሮቹ (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩት) መቀመጫ ሮንዴላ ሲያሳልፍ ግን የተቃጠለ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ካርቦን ይሠራል፣ ካርቦኑም ዘይት የሚጠባውን ወንፊት ይደፍናል። የዚህ ሞተር ሞት በድንገት የሚመጣ ይመስላል እንጂ ለወራት ሲዘጋጅ የቆየ ነው። የኒሳን ዜድዲ30 የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች፣ በተለይ ከ2000 እስከ 2003 አካባቢ ያሉት፣ ፒስቶን በማቃጠል ስማቸው ጠፍቷል። የላንድሮቨሩ ቲዲ5 ራሱ ጠንካራ ነው፤ ዘይት ግን በኢንጄክተሮቹ ሽቦ ውስጥ ተስቦ እስከ ኮምፒውተሩ ሶኬት ይደርሳል። ሶኬቱን ነቅሎ ዘይት መኖሩን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ላይ ማለት የምፈልገው ስም የከበደ ሞተር አትግዙ ወይም ስሙ የጠፋ አትንኩ አይደለም። ድክመቱ የታወቀና የተስተካከለለት 1ኬዜድ፣ ማንም ዞር ብሎ ካላየው 1ኤችዜድ ይሻላል። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል።

ሁለተኛ፦ ስልክ ስትደውሉ

ረጅም ወሬ አያስፈልግም። የታይሚንግ ቺንጋው መቼና በስንት ኪሎ ሜትር ተቀየረ? ቴስታታ ወርዶ ያውቃል ወይ፣ ከወረደስ ለምን? ዘይት በየስንት ይቀየራል? ከአንድ ቦታ ነው ወይ ሰርቪስ የሚደረገው? ቴስታታ ወርዷል መባሉ ብቻውን መጥፎ ዜና አይደለም፤ ተልጎ፣ በግፊት ተፈትሾ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ገብቶለት ደረሰኙ ካለ እንዲያውም ጥሩ ነው። የሚያስፈራው «አይ፣ ምንም ተነክቶ አያውቅም» የሚባለው የሠላሳ ዓመት መኪና ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ለምኑ፦ «እኔ እስክመጣ ሞተሩ አይነሳ።» ይህን ከነገራችሁት በኋላ ደርሳችሁ ሞተሩ ሞቆ ካገኛችሁት አትቆጡ፤ ሌላ ቀን ጠዋት እንደምትመጡ ንገሩት። በሁለተኛውም ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ መኪና ፈልጉ።

ሦስተኛ፦ ሞተሩ ሳይነሳ

መጀመሪያ እጃችሁን ቴስታታው ላይና የላይኛው የውሃ ቱቦ ላይ አሳርፉ። እውነት ቀዝቃዛ ነው? ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። የሞቀ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አትክፈቱ፤ ውስጡ በግፊት ላይ ያለ ውሃ ስለሆነ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር ክዳኑ ሲከፈት ውሃ በግፊት «ጭ» ካለ ከሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ለመሆኑ ጥሩ ምስክር ነው። ውሃው ጥርት ያለ የኩላንት ቀለም ሊኖረው ይገባል። የዝገት ቡኒ ከሆነ ለዓመታት ንጹህ ውሃ ብቻ ሲጨመርበት ነበር ማለት ነው፣ የራዲያተሩ ቀጫጭን መንገዶችም ተደፍነዋል ብላችሁ አስቡ። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ምክንያቱ የዘይት ማቀዝቀዣው ሊሆን ይችላል፤ ሁልጊዜ ጓርኒሲዮን አይደለም። እሱም ቢሆን ግን ወጪ ነው። ፍጹም አዲስ የሆነ ኩላንት ደግሞ አሮጌ መኪና ላይ ስታዩ «መቼ ተቀየረ፣ ለምን?» በሉ።

የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጡ። የናፍጣ ዘይት በተቀየረ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ስለሚጠቁር ጥቁር መሆኑ አያስደንግጣችሁ። የሚታየው ሌላ ነው። በሁለት ጣት መሀል አሹት፤ አሸዋ የሚመስል ነገር ከተሰማችሁ ጥሩ አይደለም። አሽትቱት፤ ናፍጣ ከሸተተ ወይም ደረጃው ከላይኛው ምልክት በላይ ከሆነ ናፍጣ ወደ ዘይት እየገባ ነው፣ ዘይቱም ቀጥኖ ብሮንዚኑን እየጠበቀው አይደለም። የወተት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቷል። የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ገልብጣችሁ እዩ፤ ወፍራም ጥቁር ቅባት እንደ ሙጫ ተጣብቆ ከሆነ ዘይቱ ለረጅም ጊዜ ሳይቀየር ሲነዳ ነበር። 1ኬዲ ላይ ይህን ካያችሁ የዘይት መጥቢያ ወንፊቱ ሳይታይ አትግዙ።

ሞተሩ ዙሪያ እዩ። ሃያ ዓመት የሠራ ሞተር ትንሽ ላብ ቢኖረው አይፈረድበትም። የሚንጠባጠብ ግን ከየት እንደሚወርድ ተከታተሉት። የናፍጣ ፓምፑን ታቹን በጣት ዳስሱ፤ እርጥብ ከሆነ ማኅተሞቹ ደክመዋል፣ ይህም የሚቀየር ነገር ነው። እንዲሁም ማራገቢያውን በእጅ አዙሩት። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በነጻነት የሚሽከረከር ከሆነና ምንም ካልተቃወማችሁ የማራገቢያው ቪስከስ ክላች (ማራገቢያውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው) ሞቷል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ የሚፈላበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ክፍሉ ርካሽ ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ሙሉ ቴስታታ ነው።

በጣም ታጥቦ የሚያበራ ሞተር ሳይ እኔ ደስ አይለኝም። የፍሳሽ ዱካ የሚነበበው ከአቧራው ላይ ነውና።

አራተኛ፦ ማስነሳት

አንድ ሰው ከማርሚታው ኋላ ይቁም፣ እናንተ መሪው ላይ ሁኑ። ቁልፉን ከፍታችሁ የካንዴላው (ሲሊንደሩን አስቀድሞ የሚያሞቀው) መብራት እስኪጠፋ ጠብቁና አስነሱ። ጤነኛ ናፍጣ ካንዴላው ሞቆለት በሁለት ሦስት ሰከንድ ይነሳል። ደጋግሞ ካስለመነ ካንዴላ፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበት አቅም)፣ ወይም ነዳጁ ወደ ኋላ እየተመለሰ አየር መግባቱ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻውን በእጅ ፓምፑ ታውቁታላችሁ፤ ነዳጅ ፊልትሮው ላይ ያለውን ጫፉን ስትጫኑ ወዲያው ካልጠነከረ አየር ገብቷል።

ጭሱ የሞተሩ ቋንቋ ነው። መጀመሪያ ሲነሳ ትንሽ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ጭስ ክፋት የለውም። ዓይን የሚያቃጥልና ጥሬ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ከጠፋ ካንዴላ ነው፣ ካልጠፋ ደግሞ ኮምፕሬሽን የደከመበት ሲሊንደር አለ። ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ኩላንት ነው። ሰማያዊ የዘይት ጭስ ነው፤ ጠዋት ሲነሳ ብቻ ከሆነ የቫልቮላ ጎማዎች፣ ጭነት ላይ ከሆነ ፋሻዎች (የፒስቶን ቀለበቶች) ያሳስባሉ። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው፤ ከተደፈነ የአየር ፊልትሮ ጀምሮ እስከ ደከመ ኢንጄክተርና እስከ ቱርቦ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ከአራቱም ይህ ቀለሉ ነው።

ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከተነሳ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ የላይኛውን የውሃ ቱቦ ጨብጡት። ውሃው ሳይሞቅ ቱቦው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የጨመቀው የውሃው ሙቀት ሊሆን አይችልም። ያጠነከረው ከሲሊንደር የወጣ ጋዝ ነው። የመጀመሪያው መኪናዬ ላይ ያመለጠኝ ይህ ነበር።

አምስተኛ፦ የዘይት ክዳኑ ሲተነፍስ

ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር) እየሠራ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ፈትታችሁ ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አኑሩት። በፋሻዎቹ ሾልኮ የሚመጣው ጋዝ ጥቂት ከሆነ ክዳኑ ይንቀጠቀጥ እንደሆን እንጂ ቦታውን አይለቅም። እየዘለለ ከወደቀ ወይም ቀዳዳው እንደ ማንቆርቆሪያ በየጊዜው ጭስ ካፈሰሰ ፋሻዎቹና ሲሊንደሮቹ አልቀዋል። አንዳንድ ሞተር ላይ ክዳኑ ከሚሽከረከር ክፍል በላይ ስለሚገኝ ዘይት ይረጫል፤ ጨርቅ ይዛችሁ ሞክሩ። ይህ ሙከራ ቁጥር አይሰጥም፣ ደጋግሞ ላየ ሰው ግን ብዙ ይናገራል። ከቻላችሁ ጤነኛ መሆኑ የታወቀ ተመሳሳይ ሞተር ላይ አስቀድማችሁ አይታችሁ ሂዱ።

ባለ ቱርቦ ከሆነ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የአየር ቱቦ አላቃችሁ ውስጡን እዩ። ስስ የዘይት ሽፋን የተለመደ ነው፤ የተጠራቀመ ዘይት ግን የቱርቦው ማኅተም ማለቁን ያሳያል። ይህን በቀላሉ የማላየው፣ ናፍጣ ሞተር ያንኑ ዘይት እንደ ነዳጅ አድርጎ ቁልፍ ቢጠፋም አልቆም ብሎ ሊፈተለክ ስለሚችል ነው። ማንዋል ካምቢዮ ከሆነ ከፍተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሬን ረግጦ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ያቆመዋል።

ስድስተኛ፦ ዳገት ላይ ሙከራ

አስር ደቂቃ ሰፈር ውስጥ መዞር ምንም አይነግራችሁም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱ፣ ረጅም ዳገት ፈልጉ፣ ጭነት ያለበት ከሆነ የተሻለ። የሙቀት ቀስቱን ተከታተሉ። እዚህ ላይ አንድ የማያውቁት ሰዎች የሚታለሉበት ነገር አለ፤ ብዙ መኪና ላይ ፋብሪካው ቀስቱን ያስተካከለው ሰፊ በሆነ የሙቀት ክልል ውስጥ መሀል ላይ ጸጥ ብሎ እንዲቆም ነው። ቀስቱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሙቀቱ አስቀድሞ አልፏል። ስለዚህ በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ይዛችሁ ከዳገቱ አናት ላይ ቴርሞስታቱ ያለበትን ቤትና የራዲያተሩን ላይና ታች ለኩ። ቴርሞስታቱ ቤት ከ80ዎቹ እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቢሆን ደህና ነው። የራዲያተሩ ፊት ላይ ደግሞ ቀዝቃዛ ንጣፍ ካገኛችሁ እዚያ ጋ ተደፍኗል።

በመንገዱ ላይ ድምፅ አዳምጡ። ናፍጣ ያንኳኳል፤ ግን ማንኳኳቱ እኩል መሆን አለበት። ነዳጅ ስትሰጡ ከታች በኩል የሚመጣ ወፍራም «ዱግ ዱግ» የብሮንዚን ድምፅ ነው፤ እሱን ሰምታችሁ ዋጋ መከራከር አያስፈልግም። ከላይ ስል «ጠቅ ጠቅ» ካለ ቫልቮላ ማስተካከል ብቻ ሊሆን ይችላል። ደጋግሞ ከአንድ ሲሊንደር የሚመጣ ጠንካራ መዶሻ የሚመስል ድምፅ ኢንጄክተር ነው፤ የዚያን ሲሊንደር ናፍጣ መስመር ማጥበቂያ በጥንቃቄ ሲላላ ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ታወቀ። ይህን ግን በሜካኒካል ፓምፕ ብቻ፣ በመካኒክ እጅ። 1ኬዲን በመሰሉ ኮመን ሬል (ናፍጣው ከአንድ የጋራ ባለ ከፍተኛ ግፊት ቧንቧ ለኢንጄክተሮቹ የሚከፋፈልባቸው) ሞተሮች መስመሩ ከ1,000 ባር በላይ ግፊት ሊይዝ ስለሚችል ማላላት ሰው ይጎዳል።

ስትመለሱ ሞተሩን አጥፉና አስር ደቂቃ ጠብቃችሁ አስነሱት። ቀዝቃዛ ሲሆን ደህና ተነስቶ ሲሞቅ አሻፈረኝ የሚል ናፍጣ በብዛት የደከመ ፓምፕ ይዟል፤ ናፍጣው ሲሞቅ ይቀጥንና በተበላው ክፍል መካከል ያመልጣል። የፓምፕ እድሳት ከትልልቆቹ ወጪዎች አንዱ ነው።

ሰባተኛ፦ መካኒክ ሳይለካ አትክፈሉ

እስካሁን ያለውን ሁሉ ራሳችሁ ታደርጉታላችሁ። መኪናው ካለፈ ለሚከተሉት ገንዘብ አውጡ፤ ከዋጋው አንጻር ትንሽ ነው።

ኮምፕሬሽን ማስለካት አንደኛው ነው። ቅድመ ማቀጣጠያ ክፍል ያላቸው ጤነኛ ሞተሮች በአብዛኛው ከ25 እስከ 35 ባር አካባቢ ያሳያሉ፤ ትክክለኛው ገደብ ከሞተሩ መመሪያ ይታያል። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ ንባቡ ይቀንሳል። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መሀል ያለውን ልዩነት ነው የማየው። ሁሉም እኩል ዝቅ ካሉ ሞተሩ አርጅቷል፣ ግን በሥርዓት አርጅቷል፤ ገና ብዙ ሊሄድ ይችላል። አንዱ ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ከወረደ ግን እዚያ ሲሊንደር ውስጥ የተሰበረ ወይም የተቃጠለ ነገር አለ። ዝቅ ያለው ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ሲለካ ከፍ ካለ ፋሻ፣ ካልተነቃነቀ ቫልቮላ ወይም ጓርኒሲዮን ነው።

ሁለተኛው በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረገው የጋዝ ሙከራ ነው። ሰማያዊ ፈሳሹ የተቃጠለ ጋዝ ሲያገኝ ወደ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ይቀየራል። በዳገት ላይ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ በሚኒሞ ላይታይ ስለሚችል ከዳገቱ ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ክዳኑ በደህና እስኪከፈት ቀዝቅዞ፣ ሞተሩ ዳግም ተነስቶ ይሞከር። ሦስተኛው ለኮመን ሬል ሞተሮች ብቻ ነው፦ ከየኢንጄክተሩ የሚመለሰው ናፍጣ መጠን በየጠርሙሱ ተይዞ ይወዳደር። አንዱ ጠርሙስ ከሌሎቹ ቀድሞ ከሞላ ያ ኢንጄክተር አልቋል፤ ሲገዛም ለብቻው ብዙ ዋጋ ያወጣል።

ስምንተኛ፦ የቀረው መኪና

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሞተር ስለሆነ አሳጥረዋለሁ። ሻንሲውን ከኋላ በኩል በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጉ፤ ደንዝዞ የሚሰማ ቦታ ከዝገት የተበላ ነው፣ ሻንሲ ደግሞ ሞተር ከማደስ የባሰ ነው። ካምቢዮው ከማርሽ ማርሽ ሲገባ ይናገር ይሆን፣ ዝቅተኛው ክልል ይገባ ይሆን፣ የፊት አክስሉ ይጎትት ይሆን ሞክሩ። ከዲፈረንሻል የወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ መኪናው ጥልቅ ውሃ ገብቶ ያውቃል።

ኪሎ ሜትሩን በተመለከተ፣ ቆጣሪውን ሳይሆን ፔዳሉን እመኑ። 120,000 የሚል ቆጣሪ እና እስከ ብረቱ ያለቀ የፍሪሲዮን ፔዳል አብረው አይሄዱም። በቶዮታዎቹ ላይ የታይሚንግ ቺንጋ መብራት በተወሰነ ርቀት ይበራል፤ ያለ ቺንጋ ቅያሬም ማጥፋት ይቻላል። መብራቱ አለመብራቱ ስለዚህ ማስረጃ አይደለም። ደረሰኝ ከሌለ ቺንጋው አልተቀየረም ብላችሁ አስሉ። የሞተር ቁጥሩንም ከሰነዱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ዘጠነኛ፦ ዋጋውን መተመን

አሁን ያገኛችሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ አውርዱና በሦስት ክፈሉት። በመጀመሪያው ከገዛችሁ በኋላ ሳትነዱ የምትሠሩት ይግባ፦ ቺንጋ ከነማጥበቂያዎቹ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት፣ የውሃ ቱቦዎች፣ ዘይቶች ሁሉ፣ ፊልትሮዎች ሁሉ። በሁለተኛው በዓመት ውስጥ የሚመጣው፦ የደከመ ፓምፕ፣ ኢንጄክተር፣ ራዲያተር፣ ፍሪሲዮን። በሦስተኛው ያላያችሁት። ለእሱ እኔ ከመኪናው ዋጋ 15 በመቶ አስቀምጣለሁ፤ ሰነድ ለሌለው 25።

ምሳሌ ላንሳ፤ ቁጥሮቹ ለማወዳደር ብቻ ናቸው። ተመሳሳይ ዓመት ያላቸው ሁለት መኪኖች አሉ እንበል። አንዱ ስመ ጥሩ ሞተር ይዞ በ100 ይሸጣል፣ ሰነድ የለውም፣ ፓምፑ ሲሞቅ ይደክማል፣ ራዲያተሩ ተደፍኗል። የመጀመሪያው ክፍል 6፣ ሁለተኛው 14፣ መጠባበቂያው 25 ቢሆን እውነተኛ ዋጋው 145 ነው። ሌላው ሰው ስሙን የሚጠራጠረው ሞተር ይዞ በ85 ይሸጣል፣ ቴስታታው ባለፈው ዓመት በአዲስ የተተካ፣ ደረሰኙ ያለ፣ ኮምፕሬሽኑ እኩል ነው። 4፣ 5 እና 15 በመቶው ወደ 13 ሲጨመር 107 ይሆናል። ወረቀት ላይ ሲወርድ ምርጫው ግልጽ ነው፤ በዓይን ግን ሰው ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ይወስዳል።

ለሻጩ የምታቀርቡት ቅናሽ ከዚሁ ወረቀት ይውጣ። «ተወደደ» ከማለት «ፓምፑ ሲሞቅ እንደሚደክም አብረን አይተናል፣ እድሳቱ ይህን ያህል ነው» ማለት ሰውን አያስቀይምም። ሦስተኛውን ክፍል ግን አትጥቀሱ፤ እሱ የእናንተ ስጋት እንጂ የሱ ጥፋት አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ወጪ ቢያንስ ግማሹን ካልቀነሰላችሁ፣ ወይም የብሮንዚን ድምፅ፣ የተሰነጠቀ ቴስታታ ምልክት ወይም የተበላ ሻንሲ ካለ ተሰናብታችሁ ሂዱ።

አሥረኛ፦ ከገዛችሁ በኋላ ያሉት አንድ ሺህ ኪሎ ሜትሮች

የመጀመሪያውን ክፍል ሳትሠሩ ረጅም መንገድ አትውጡ። ዘይቱን ቀይራችሁ 1,000 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ፣ ሞተሩ ለዓመታት የተጠራቀመ ቅባት ይዞ ከነበረ፣ እንደገና ቀይሩት። ከዚያ በኋላ ለአሮጌ ናፍጣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ጥሩ ልማድ ነው። የወጣውን የዘይት ፊልትሮ ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርጉት፤ ማግኔት የሚይዘው ብናኝ ከብረት ክፍል፣ ማግኔት የማይዘው ወርቃማ ወይም ብርማ ብናኝ ደግሞ ከብሮንዚን ነው። በየቀኑ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የውሃና የዘይቱን ደረጃ በደብተር ላይ ጻፉ። በአንድ ወር ውስጥ የውሃው ደረጃ ውጭ ሳይንጠባጠብ ከወረደ የጋዝ ሙከራውን ድገሙት።